የሚቀብረው ያለው ሰው

ሰሞኑን ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው በር ሲቀባ የቀለም ማቅጠኛው፣ የአኳራጁ ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶት ሰነበተና ወሎ ውስጥ መርሳ ከተማ ያለው የልጅነት ጓሯችን ድቅን አለብኝ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የመጣው ሠዓሊ፣ ተከራያችን ጋሽ ኢድሪስ፣ ብሩሾቹን እዚያ ያጥብ ነበር። እናቴ ወልድያ ላይ ጠበቃ ነበረችና የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩን የያዘችለት እሷ ናት።

ያን ክረምት የሱቆቹን በር በአበባ፣ የባጃጆቹን ጀርባ በእርግብ ሲያስጌጥ ከረመ፤ እኛ ልጆችም የቀለም ጣሳውን ለመሸከም እንጣላ ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን ቪዛው አለቀና የኢሚግሬሽኑ ሹም፣ «መርሳ መኖሩንና ጠባዩን የሚመሰክር ሰው ያምጣ፤ አለዚያ ወደ ድንበር ይሸኛል» አሉ።

እማዬ፣ «ከተማው ሁሉ ምስክሩ አይደል!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። ለካ እያንዳንዱ ሥዕል ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራቱ ማስረጃ ነው፤ ባለሱቆቹ ቢመሰክሩ እሱንም ራሳቸውንም መክሰሳቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ብሩሽ እንዳይነካ ከለከለችው፤ እኔም መኪና በራችን ላይ በቆመ ቁጥር ሮጬ ጣሳዎቹን በጆንያ እሸፍን ነበር። እሱ ደግሞ እጆቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አኑሯቸው ይውል ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው ሲታጨድ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ አረፉ። በኛ አገር ቅሬ፣ እድሩ ማለት ነው፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል አብሮ ይቀብራልና፣ ጋሽ ኢድሪስም እንደ ማንኛውም አባል አካፋውን ይዞ ወጣ። እማዬ ሲቆፍር ቆማ ስታየው ቆየችና፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወደ ቅሬው ሰብሳቢ ወደ አባ ይመር ሄደች።

በቀጠሮው ቀን አባ ይመርን ለምስክርነት ይዛ፣ እኔንም አስከትላ ወልድያ ሄደች። ሹሙ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ «አባቴ፣ ሰውየው ምን እየሠራ ነው የሚኖረው?» አሉ። አባ ይመር ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ።

«ይስላል» አሉ።

እማዬ እጄን ጨመቀችው።

«ይስላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል። እኛ ነግ ብንሞት አፈር የሚያለብሰን እሱ ነው፤ እሱ ቢሞት የምንቀብረው እኛ። ታዲያ ልጄ፣ ወደማን ነው የምትሸኙት?»

ሹሙ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ወደ እማዬ ዞሩ። «በይ፣ ከእንግዲህ በፈቃድ ይሳል» አሏት። ወረቀቱ በልግ ሲገባ መጣ፤ ጋሽ ኢድሪስም መጀመሪያ የቀባው የቅሬውን ዕቃ ቤት በር ነበር።

ፊት ለፊቴ ያለው በር የተቀባው ጎረቤቴ ሞቶ ቤቱ ለሌላ ሰው ሊከራይ ስለሆነ ነው። ለቀብር ሲያወጡት በሬን ገርበብ አድርጌ አየሁ እንጂ ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። መታወቂያዬ የታደሰ፣ የቤት ቁጥሬ በጉልህ የተጻፈበት ነው፤ ግን ያ ሹም ዛሬ ምስክር አምጪ ቢሉኝ፣ ከዚህ ፎቅ የምጠራው አንድ ሰው የለኝም። መርሳ ነው የምደውለው፤ ለጋሽ ኢድሪስ።