ትንሿን እባብ ከትልቁ ጋር አስተኛኋት

ዛሬ ጠዋት ሁለት እባብ ያስተኛሁበትን የመስታወት ሳጥን ባየው አንድ ብቻ አገኘሁ። ሆዱ አብጧል።

እባቦቹ የልጄ የሜሮን ናቸው። ኮሌጅ ስትገባ "ዳድ፣ አደራ" ብላ ለእኔ ተወቻቸው። (ለንስሐ አባታችን እስካሁን አልነገርንም።)

ጭንቀታም ስለሆንኩ የነገረችኝን ሁሉ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ፦ ውሃ፣ ሙቀት፣ በሳምንት አንድ አይጥ፣ ክዳኑን ሁለቴ ቼክ ማድረግ። አንድ ላይ እንዳታደርጋቸው የሚል ግን የለበትም። ሁሌም ለየብቻ ስለነበሩ እሷም አላሰበችውም።

ትናንት የትንሿ ማሞቂያ ተበላሸ። አዲሱ የሚገዛው ራቅ ብሎ ሊንውድ ከተማ ነው፣ እኔ ደግሞ ሥራ መግባት ነበረብኝ። ሶ ብርድ እንዳይገድላት ከትልቁ ጋር አደረግኳት። እኛ እኮ አምስት ልጆች በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደግነው።

ላዩ ላይ ጥቅልል ብላ ስትተኛ፣ ተቃቀፉ ብዬ ፎቶ አንስቼ ለሜሮን ላኩላት።

ፎቶውን ያየችው ዛሬ ጠዋት ነው። እኔ ሳጥኑ ጋ እንደቆምኩ ደወለች።

"ዳድ፣ ፕሊስ አሁኑኑ ለያቸው። ትልቁ ሌላ እባብ ይበላል።"

"ሜሪዬ፣ ትንሿ የለችም" አልኳት።

ቀስ ብላ "ኢትስ ኦኬ ዳድ፣ አላወቅክም" አለችኝ። በትንሽ ነገር የምትጮህብኝ ልጅ ናት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ለዕረፍት ትመጣለች፣ ኖርዝጌት ባቡር ጣቢያ የምቀበላት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ምን እንደምላት አላውቅም። ልጃችሁ አደራ ያለቻችሁን ነገር ለደግ ብላችሁ ያጠፋችሁ ካላችሁ፣ እናንተ ምን አላችኋት?