የወዳጆ በረባሶና የገብረዋህድ ቆዳ

ወዳጆ ቂርቆስ ሰፈር ከአሮጌ የካሚዮን ጎማ በረባሶ እየቆረጠ የሚያድር ሰው ነበር። እጁ ወርቅ ነው፤ ምላሱ ግን፣ ይቅር ይበለውና፣ አያርፍም። ገብረዋህድ የሚባል የቆዳ ጫማ ሰፊ ከጎኑ ሱቅ ከከፈተ ወዲህማ ባሰበት። ደንበኛው ሁሉ ወደ ቆዳው ዞረ፤ የእሱን «የመኪና ትራፊ» እያሉ ናቁት። ሱቁን ሊዘጋ ምንም አልቀረው።

በሠላሳ አንድ ዓ.ም. ክረምት ካዛንቺስ ለጣሊያን ሹማምንት ቤት ይሠራ ነበር። የሠራተኞቹ ካቦ ለአርባ ድንጋይ ተሸካሚዎች ጫማ ሊያዝ ነው ተባለ። ድንጋዩ እግራቸውን እየቆራረጠ ሥራ አስፈትቶበት ነው እንጂ አዝኖላቸውስ አይደለም። ወዳጆ ይህን ትእዛዝ ካገኘ ይተርፋል፤ ካጣው አለቀለት።

ሄዶ ለካቦው፣ ወሬ ምን ያደርጋል፣ ይሞከር አለው። አንድ ተሸካሚ በግራ እግሩ የእኔን፣ በቀኙ የገብረዋህድን አድርጎ ይክረም፤ መስከረም ሲጠባ የበለጠውን እናያለን። ገብረዋህድም እሺ አለ። ሊካሳ የሚባል ዝምተኛ ጎልማሳ ተመረጠ። ወዳጆ አላስችል ብሎት ሊካሳን ለብቻው ጠራና፣ የእኔ ሳይበጠስ ከከረመ የቀኝ ጥንዱን በነፃ እሠራልሃለሁ ብሎ ቃል ገባለት። ምነው አፉን በያዘው!

መስከረም ጠባ። ካቦው ሁሉን ሰብስቦ ሁለቱን ጫማ አስቀረበ። የገብረዋህድ ቆዳ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ተረከዙ ሳስቷል። የወዳጆ በረባሶ ትናንት የተቆረጠ ይመስላል። ወዳጆ ደረቱን ነፋ። ካቦው ሊፈርድ ሲል ግን የሊካሳን ግራ እግር አየ፤ ተሰነጣጥቋል፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር የለም። ክረምቱን ሙሉ የተሸካሚ ጀርባ እንጂ እግር መች አይቶ ያውቃል! ምን ሆነህ ነው ብሎ ጠየቀው።

«ጋሽ ወዳጆ ካልተበጠሰ ጥንዱን እሰጥሃለሁ አሉኝ» አለ ሊካሳ፣ ምንም ሳያፍር። «ስለዚህ ሥራ ስገባ አወልቀውና ጉያዬ ውስጥ ይዤው እውላለሁ። እሑድ እሑድ ብቻ እስከ ቤተክርስቲያን በር አደርገዋለሁ።»

ተሸካሚዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ገብረዋህድ ግን አልሳቀም።

«የእኔ ጫማ ሰው ተሸክሞ ከረመ» አለው ወዳጆን፤ «ያንተን ጫማ ግን ሰው ተሸክሞት ከረመ።»

ትእዛዙ ለቆዳው ሄደ።

ወዳጆ ሊሳደብ አፉን ከፈተና ያን እግር ሲያይ ስድቡን ተወው። አፈረ። ደግሞም ጎማው ከቆዳው ይብለጥ አይብለጥ ዛሬም እንደማያውቅ ገባው። ሊካሳ ጠጋ ብሎ፣ ታዲያ የቀኙን ልወስድ መቼ ልምጣ አለው። ወዳጆ ቁጭ ብሎ የሊካሳን ቀኝ እግር ለካ። ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት የሠራው የመጨረሻ ጫማ ያ ሆነ።