ባለ ዲግሪው

በበቆሎው እርሻ ላይ ውሃ የሚለቀው እሱ ነው። ዘወትር ጠዋት ያለፈውን ቀን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ከቴርሞሜትሩ ያነባል፤ ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። በቆሎው ከአሥር ዲግሪ በታች አያድግምና አሥር ቀንሶ የተረፈውን በደብተሩ ላይ ይደምራል። ድምሩ መቶ ሃያ ሲሞላ ቦዩን ይከፍታል፤ በማግስቱ ከዜሮ ይጀምራል። ሙቀት ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ አንዴ በሳምንት ይሞላል፣ አንዴ አሥር ቀን ይጎተታል። እንዲህ ሆኖ እናቱ ዘንድ ለመሄድ ፈቃድ ለየትኛው ቀን ይጠየቃል?

የባሰው ግን የገዛ ምላሱ ያመጣበት ነው። እናቱ በስልክ «ምን እየሠራህ ነው?» ብትለው «ዲግሪ እየሰበሰብኩ» ብሎ ቀለደ። እሷ መች ቀልድ ታውቃለች! የትምህርቱ መስሏት «ልጄ ዲግሪ በዲግሪ ሆነ» እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው። አሁን ሥራውን ጥሎ ያለ ዲግሪ ቢመለስ ጎረቤቱን በምን ዓይኑ ያያል?

ዛሬም ደወለች።

«ስንት ደረሰልህ፣ የኔ ጌታ?»

«መቶ አሥራ ስምንት።»

«ተመስገን! ሲሞላ ትመጣለሃ?»

ደብተሩን አየት አደረገ። «ሲሞላማ፣ እማዬ፣ እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ።»

«ጎሽ! መማርማ መቼ ያልቃል?» አለችው፤ ለጎረቤት ልትነግር ቸኩላ ስልኩን ዘጋችው።