በሁዳዴ የከፈትኩት ሸክላ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ሳለሁ ነው። የቤቴን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ በየቀኑ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ያን ዓርብ ግን አልረሳውም።

የተከራየሁት ቀኝ ጌታ ወርቁ ግቢ ነበር። ለማያውቅ፣ በማኅሌት ጊዜ ካህናቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የቀኙ አለቃ ቀኝ ጌታ፣ የግራው ግራ ጌታ ይባላል። አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል። የኔታ ወርቁ ከግራ ጌታ ተሰማ ጋር ሠላሳ ዓመት እንዲህ ቆመዋል። ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ግራ ጌታ አረፉ። በቦታቸው ከደብረ ኤልያስ አንድ ወጣት መሪጌታ ተሾመ። የኔታ ግን «ከማላውቀው ሰው ጋር አልቆምም» ብለው ዜማውን እርግፍ አድርገው ተዉት። ደጀ ሰላም ድረስ ይሄዱና ይመለሳሉ። እህልም ይጠሉ ጀመር። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ «ሰውየው በቁሙ እየሞተብኝ ነው» ብለው አልቅሰውብኛል።

ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ በባትሪ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻና አንድ ሸክላ ትቶልኝ ነበር። ለሁለት ቫዮሊንና ለአነስተኛ ኦርኬስትራ የተደረሰ ሙዚቃ ነው። ቫዮሊኖቹን የሚጫወቱት ሁለት ሴቶች መሆናቸውን ነግሮኛል።

ሁዳዴ ገብቷል። በሁዳዴ እንኳን ዘፈን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ከበሮና ጸናጽል አይነካም። እኔ ግን የግቢው ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሄዷል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚመለስ የለም ብዬ ከፈትኩት። ድፍረቴ! የኔታ ከደጅ እንደሚመለሱ ረስቼዋለሁ።

በሩ ብርግድ አለ። መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ! በጌታ ጾም? ምን ሁነሽ ነው?»

ዛሬ ዕቃዬን ተሸክሜ መውጣቴ ነው ብዬ መርፌውን ላነሳ ተንደረደርኩ።

«ተዪው» አሉ።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ጀመር። አንዷ ቫዮሊን ዜማውን አነሳች። ሁለተኛዋ ሳታስጨርሳት ከሥር ተቀበለቻት፤ ሌሎቹ ዝቅ ብለው ይከተሏቸዋል። ሃያ ጊዜ ሰምቼው እንዲህ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም። የገባኝ የኔታ ጣታቸውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሲያመለክቱ ነው።

«ይህች ትመራለች፤ ያቺ ትቀበላለች። አይ መስማማት! ስንት ዘመን አብረው ቆመው ይሆን?»

ፈረንጁ ያለኝ ትዝ አለኝ። «ለዚህ ሸክላ ብቻ ነው የተገናኙት፣ የኔታ። ከዚያ በፊት አይተዋወቁም፤ አገራቸውም ለየቅል ነው» አልኳቸው።

«እኮ ሳይተዋወቁ?»

«አዎ።»

«ድገሚው።»

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በሦስተኛው እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። የባሰ ነገር ያደረግሁ መሰለኝና እንቅልፍ አጣሁ።

እሑድ ጠዋት ደብሩ ስደርስ ማኅሌቱ አላለቀም ነበር። ከበሩ ላይ የኔታን ድምፅ ሰማሁ። ጾመ ድጓውን መሩና አቆሙ። ከፊት ለፊታቸው የቆመው ወጣት ደንግጦ ነው መሰለኝ ዘገየ። የኔታ ጠበቁት። ከዚያ ተቀበላቸው። አጠገቤ እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ተንበረከኩ። ዕድሜ ጠግቤያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ድንቅ ነገር ግን ዳግመኛ አላጋጠመኝም።

ፈረንጁ ወሬ ማሳመር የሚወድ ሰው ነበር። ስለ ሴቶቹ የነገረኝ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። በሸክላው ሽፋን ጀርባ ስለ እነሱ በማላውቀው ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። ልጄ «ላስተርጉምልሽ» ትለኛለች። እስከ ዛሬ እሺ አላልኳትም።