በጠመኔ የተሰመረው አልጋ

በተጋባን ዓመት ናዝሬት ውስጥ የምንተኛው መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ነበር። ባለቤቴ መምህር ነው። ልጅ ሳለ እናቱ ሚሲዮናውያን ቤት ትሠራ ስለነበር፣ እዚያ ያየው አልጋ ከዓይኑ አልጠፋም። እግሮቹ ወፍራምና ቀጥ ያሉ፣ ራስጌው ላይ ጠፍጣፋ እንጨቶች ቁልቁል የተደረደሩበት፣ ምንም ጌጥ የሌለው አልጋ። ኦክ ከሚባል የፈረንጅ እንጨት የተሠራ ነበር። ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛው የአንድ አሮጌ ፉርጎ ወለል ተነቅሎ እንደሚሸጥና እንጨቱም ኦክ እንደሆነ ሲነግረው፣ ጣውላውን በጋሪ አስጭኖ መጣ።

ከመቁረጡ በፊት አልጋውን ከነርብራቡ በሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ሣለው።

"መጀመሪያ ቦታውን እንልመደው" አለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሥራ ስገባ የሥዕሉ መሃል ጠፍቶ አገኘሁት። ዙሪያው ደህና ነው። ውስጡ ግን ከትከሻ እስከ ተረከዝ ሰው የተኛበት ይመስላል። ባለቤቴ መልሶ አሰመረው። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ከቤት የተነካ ዕቃ የለም።

በዚያ ጊዜ፣ በሌለንበት ቤታችን ተከፈተ ማለት ለእኛ ፍተሻ ማለት ነበር። ባለቤቴ ጥቂት መጻሕፍት መርጦ ጓሮ አቃጠለ። ግን ፈታሽ ለምን ወለል ላይ ይተኛል?

ቁልፉ ጎረቤታችን እማማ ጋ እንዳለ እናውቃለን። የቧንቧ ውኃ የሚመጣው እኛ ሥራ ላይ ሳለን ስለሆነ በርሜላችንን የሚሞሉልን እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ግን ማን ይጠረጥራል? አንድያ ልጃቸውን አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ከወሰዱት ወዲህ ድምፃቸው እንኳ አይሰማም ነበር።

አንድ ቀን ራሴን አሞኝ ቀድሜ ገባሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማማ በጠመኔው መስመር መሃል በጀርባቸው ተንጋለው፣ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል። "ኢልማ ኮ" ይላሉ ቀስ ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ዝም ይላሉ፤ መልስ የሚያዳምጡ ይመስላሉ።

"እማማ፣ ምን ሆኑ?"

አልደነገጡም። "ነይ ግቢ ልጄ። እየለካሁለት ነው።"

"ለማን?"

"ለሱ ነዋ። ቀን ቀን እዚህ ይመጣል። ሲሚንቶው ቀዘቀዘኝ ይላል። እግሩም ይተርፋል፤ ባልሽን ትንሽ አስረዝመው በይልኝ።"

ከቀትር ሐሩር ገና መግባቴ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። እጃቸውን ይዤ አነሣኋቸው። ቀሚሳቸው ጀርባው ላይ ነጭ በነጭ ሆኗል። እያራገፍኩ ቤታቸው አደረስኳቸው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ከዚያ ጠመኔ አነሣና የግርጌውን መስመር አጥፍቶ ወደ በሩ ገፋ አድርጎ አሰመረው።

"እኛስ?" አልኩት።

"አንቺ እዚህ ላይ ትተኛለሽ?"

አልተኛም። እሱም አውቆታል።

አልጋውን በዚያው ልክ ሠራው። ያለ ምስማር፣ እንጨቱን በእንጨት እያጋጠመ፣ ልክ እንደዚያ እንደ ሚሲዮናውያኑ አልጋ። ካለቀ በኋላ ከጓደኛው ጋር ተሸክመው እማማ ቤት አስገቡት። እማማ ራስጌውን በመዳፋቸው ዳሰሱና "አሁን ይበቃዋል" አሉ። ከዚያ ወዲህ ወለሉ ላይ ያለውን የጠመኔ መስመር የነካው የለም፤ በኋላ እኔው ራሴ በውኃ አጠብኩት።

ክረምቱ ሲወጣ ከእስር የተፈታ አንድ ወጣት ወደ እማማ መጣ። ብቻቸውን እንዳይሰሙት ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጃቸው በተያዘ በሳምንቱ እንደተገደለ ነገራቸው። ይህ ማለት ባለቤቴ ጠመኔ ከማንሣቱ ብዙ ወራት በፊት ነው። ወጣቱ እያለቀሰ ነበር።

እማማ አላለቀሱም። "እሱማ ነግሮኛል" አሉት፤ ተነሥተውም የአልጋውን አንሶላ ማስተካከል ጀመሩ።

ናዝሬትን እስከለቀቅንበት ጊዜ ድረስ ቁልፉን ከእሳቸው አልወሰድንም። ውኃውንም መሙላታቸውን አልተዉም። እኔ ግን ቤታቸው ስገባ ሁልጊዜ ለአልጋው ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የምቀመጠው።