ጸበል የጠጣው ሞተር

ፍኖተ ሰላም መብራት በጠፋ ቁጥር ከጎናችን ያለው ሱቅ ጀነሬተሩን ያስነሳል። የልጅ ልጆቼን የሚያማርራቸው ጩኸቱ ነው፤ እኔን ግን ሽታው። ናፍጣ ሲሸተኝ የያዝኩትን አስቀምጬ ቁጭ እላለሁ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ያ ሽታ ግን ዛሬም ጥፋቴን ይዞ ይመጣል።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ቡሬ ዳር ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጥር ጋር ተያይዞ ነበር። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ያኔ ወፍጮውን የሚያዞረው የቤንዚን ሞተር ነው፤ ገመድ ጠምጥመው ሲስቡት አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ያኮርፋል። የኔ ዘመን ሰዎች መቼም አትረሱትም፤ ሞተሩ ካኮረፈ ገበያተኛው ሁሉ አህያውን አራግፎ ፀሐይ ላይ ቁጭ ነው። ያን አኩራፊ የሚያባብለው ሞተሪስቱ አያ ደምሴ ነበር፤ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ፣ ሳቂታ ሰው። አጥር ሾልኬ ስገባ ፀጉሬ ወዲያው ስለሚነጣ "መጣሽ አሮጊት?" ይለኛል። ገመዱንም አብሬው እስብ ነበር። እኔ የቀለም ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥሁም፤ አያ ደምሴ ግን ሞተሩ ሲጠማው፣ ሲሞቀው፣ ሲደክመው በድምፁ እንድለይ አስተምሮኛል። እንደ ሰው ነበር የሚያወራለት።

ኋላ ባለወፍጮው ባላምባራስ፣ አሮጌው ቤንዚን ይፈጃል አሉና በጭነት መኪና የናፍጣ ሞተር አስመጡ። አሮጌውን ነቅለው ግድግዳ ሥር ሲጥሉት አያ ደምሴ "ይኼ እኮ ልቡ ጥሩ ነበር" ማለቱን ሰው ሁሉ ሰማ። ያችን ቃል ባይላት ምን ነበረ። አዲሱ ግዙፍ ነው፣ በብረት ማኑቬላ እየተጠመዘዘ የሚነሳ። የተከለው መካኒክ ሁለት ቀን አሳይቶት ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ። ባላምባራስም፣ ቅዳሜ በገበያተኛው ፊት ሥራ ይጀምር፣ ካቃተህ ሌላ ሞተሪስት አመጣለሁ አሉት። ይህንን ለእናቴ በጭንቀት ሲያወራት ሰማሁ። አምስት ልጅ አለው፣ መሬት የለው።

ዓርብ የነፍስ አባታችን መጥተው ሞተሩን ጸበል ረጩት፤ አዲስ ነገር ሳይባረክ አይጀመርማ። እኔን ግን አላጠገበኝም። እኛ ቤት ሰው ሲታመም ጸበሉ ይረጭበትና ያበቃል እንዴ? ይጠጣዋል እንጂ። ታናሽ ወንድሜን ከሆድ ቁርጠት ያዳነው የጠጣው ነው። ላዩ ረጥቦ ሆዱ ያልተባረከ ሞተር አያ ደምሴን ያሳፍረዋል ብዬ ሠጋሁ። እሱ ወደ ቤቱ ብቅ ሲል የእናቴን የጸበል ጠርሙስ ይዤ ሾለክሁ፤ ድንጋይ ላይ ወጥቼ የሰልባትዮውን ክዳን ከፈትሁና፣ በስመ አብ ብዬ ናፍጣው ላይ እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰስሁለት። ስወርድ እጄ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ልቤ ግን እንደ ቆረበ ሰው ቀሎኛል።

ቅዳሜ ግቢው ጢም አለ። አያ ደምሴ ማኑቬላውን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ጥቂት ሄደና እንደ ሰው አነቀው፤ አሳለና ቆመ። ላቡ በዱቄቱ ላይ መንገድ እስኪያወጣ ደጋግሞ አዞረው፤ ወይ ፍንክች። አንዲት ባለጤፍ "ደምሴ፣ የቆምንበት ሣር አበቀለ እኮ" ብላ ሰዉን አሳቀችው። ከሰልባትዮው ሥር ያለውን ብሎን ሲፈታው የጠራ ውሃ ኩልል ብሎ ወረደ።

ሳቁ ቆመ። ባላምባራስ ተጠጉት።

"ለአሮጌው ስታለቅስ ሰንብተህ፣ በአዲሱ ውሃ ጨመርክበት?"

"ማርያምን ጌታዬ፣ እኔ አልጨመርሁም።"

"ታዲያ ከአንተ ሌላ ማን ይነካዋል?"

እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜያለሁ። አፌን ከፈትሁ፤ የባላምባራስን አለንጋ አየሁና መልሼ ገጠምሁት። አያ ደምሴ ካፖርቱን አንስቶ ሲወጣ አናቴን ዳበስ አደረገኝ። በወሩ ልጆቹን ይዞ ቡሬን ለቀቀ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ እንዳይጠራ አፌን ይዤ አደግሁ። ኋላ ተናዘዝሁ፤ የነፍስ አባቴም ሰውየውን ካገኘሽው ንገሪው አሉኝ። አገኘሁት። ሦስት ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው፣ ጅጋ ገበያ፣ ጨው ዘርግቶ። አቅፎ ሳመኝ፤ ሳልጠይቀው ያንን ሞተር አነሳው።

"ለጭስ ማውጫው ብለው ጣሪያውን ቀደውት ነበር፤ በዚያ ሳምንት ዘንቧል። የሰልባትዮውን ክዳን ሳልገጥም ቀርቼ ነው እቴ፣ ውሃ ሌላ ከየት ይመጣል? ባላምባራስን በከንቱ ስረግም ኖርሁ። ልጆቼን ያስራብሁ እኔው ነኝ።"

ምላሴ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ አንድ ገበያተኛ ጎንበስ ብሎ የጨውን ዋጋ ጠየቀው፤ እኔም ደህና ዋል አያ ብዬ ሄድሁ። በዓመቱ ማረፉን ሰማሁ።

ዛሬ ወፍጮው ሁሉ በመብራት ሆኗል፣ ጊዜው ሌላ ነው። ልጆቻችን መፍራት ተዉ እያልን እናማለን፤ እኔም አማለሁ። በቀደም ታዲያ ትንሿ የልጅ ልጄ የአባቷን ስልክ ጥላ ሰበረችና ፊቱ ቆማ "እኔ ነኝ" አለችው። ተቆጣት፣ አለቀሰች፣ እራት ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አጎረሳት። አየኋትና ቀናሁባት። እኔን ቢገርፉኝ፣ ቢበዛ ለአንድ ቀን ነበር።