ተሞልቶ የመጣ መርፌ

ሰቆጣ ወህኒ ቤት ስገባ እጄን የጥሬ ቆዳ ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር። የቀረንን አንድ በሬ ማለዳ ቆሞ አይተነው ረፋዱ ላይ ተዘርግቶ አገኘነው፤ ባፍንጫው ጥቁር ደም ይወርዳል። ሥጋውን ፈራነው። ቆዳው ግን ገበያ ያወጣል ብዬ ገፈፍኩት። ረሃብ ነበራ፤ ምን ይደረግ።

ወዲያው ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሹም አገራችን ደሃና ድረስ መጥቶ ሕዝብ ተሰበሰበ። የኛ ገዥ ተነስቶ "ዘንድሮ ትንሽ የዝናብ እጥረት አለ" አለ። እኔን ምን ልክፍት እንደያዘኝ እንጃ፣ ብድግ ብዬ "ጌታዬ፣ እጥረት አይደለም፤ ሰው እያለቀ ነው፤ ግብሩም አልቀረልንም" አልኩ። ሹሙ ጫማውን ጫማውን ሲያይ ቆይቶ በበቅሎው ሄደ። እኔን የፊጥኝ አስረው ወደ ሰቆጣ ነዱኝ። ወንጀሌ ሕዝብ ማሳመፅ ነው ተባለ። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

ክፍሉ የድንጋይ ቤት ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሰዎቹን ሳል ሰማሁ፤ መልካቸውን ያየሁት ቆይቼ ነው። የሽንቱ ባልዲ በሩ ሥር ተቀምጧል። እግሬ ላይ ብረት አስገቡልኝ። ከደሃና ጎረቤት ከዝቋላ የመጡ አንድ ሽማግሌ በድንበር ጠብ ገብተው ኖሯል፤ ፈቀቅ ብለው ከግድግዳው ጥግ ቦታ ሰጡኝ። ቦታው ሰፋ ያለ ነበር፤ ገረመኝ፤ ለምን ባዶ እንደሆነ ግን ያን ቀን አልጠየቅሁም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የእጄን አንጓ በላኝ። ቅማል ነው ብዬ አከክሁት። ውሃ ቋጠረ፤ ቀጥሎ መሐሉ ጠቆረ፤ ያረረ ማሽላ መሰለ። ዙሪያው አበጠ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ጨርሶ አያመኝም። የሚያመኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው እጄን ወደ ስንጥቁ ብርሃን ስበው አዩት። "ልጄ፣ የሞተ ከብት ነክተሃል?" አሉኝ። የበሬውን ነገር ነገርኳቸው። እጄን ቀስ ብለው መለሱልኝ።

"አባ ሰንጋ ነው" አሉ። "አደራህን መርፌ እንዳታስነካው። አባ ሰንጋ መርፌ አይወድም፤ መርፌ ከነካው ልብ ይገባል።"

ይኼን እኔም ከልጅነቴ ስሰማው ያደግሁት ነው። አገሩ ሁሉ የሚለው እንደዚያው ነው። እሳቸው ግን አላበቁም። አሁን እኔ የምተኛበት ቦታ ላይ ከኔ በፊት አንድ ሰው ነበር አሉ፤ እሱም እንደኔ በአፉ የገባ። ይኼው በሽታ አንገቱ ላይ ወጣበት፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ ወጋው፤ ሳይመሽ ሞተ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መርፌው ያልወደደው በሽታውን ይሁን ሰውየውን፣ እሱን እግዜር ይወቅ" አሉኝ።

ፈራሁ። የእግሬ ብረት ተንኳኳ፤ ሌሎቹ እስረኞች እንዳይሰሙብኝ በእጄ ያዝሁት። ከበሽታው የቱን ያህል፣ ከድሬሰሩ የቱን ያህል እንደፈራሁ እኔም አላውቀው።

የወህኒው አዛዥ ነገሩን ሰምቶ በር ላይ መጣ። ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ የሚያክመኝን ራሴ እንድመርጥ ነገረኝ፤ መድኃኒት አዋቂው አለ፣ ድሬሰሩ አለ። ብሞት መራጩ እኔው ነኝ፤ በሱ አይመካኝም። ቸርነቱ ይቺው ናት። ሁለቱንም ልያቸው አልኩት። "ሚስት ልታጭ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ፤ ግን ፈቀደ።

አዋቂው ቀድሞ መጣ። የተከበረ ሰው ነው፤ ሽማግሌው ተነስተው እጅ ነሱት። ቁስሌን ከሩቅ አየና መተኮሻ ብረት ይጋልልኝ አለ፤ ከቀንድ ውስጥም ዱቄት አወጣ። ዱቄቱ የምን ቅጠል እንደሆነ ጠየቅሁት። ፊቱ ተለወጠ። የመድኃኒት ስም ከተጠራ ይረክሳል፤ ይኼን የማያውቅ የለም። ሽማግሌው "ኧረ ምን ነካህ!" ብለው ተቆጡኝ። እውነትም ነውር ነበር። ከድሬሰሩ ይልቅ ልቤ ወደሱ ያደላ ነበር፤ እሳት የታወቀ ነገር ነው። ግን ከመታሰሬ ወዲህ ስሙ የማይነገረኝ ነገር በዝቶብኝ ነበር። የከሰሰኝ ማን እንደሆነ አልተነገረኝም፤ መቼ እንደምፈታ አልተነገረኝም። ድሬሰሩን ልየው ብዬ ዘበኛውን ለመንኩ።

ድሬሰሩ ቀጭን ሰው ነው፤ ካኪ ካፖርት ለብሶ የቆርቆሮ ሣጥን ይዟል። በሩ ላይ በስፒሪት እሳት መርፌውን ሲቀቅል አየሁት። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ስለ በሬው ጠየቀኝ፤ መቼ ሞተ፣ ማን በላው፣ ቤት ውስጥ የታመመ አለ ወይ። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ዘበኛው ቆሞ ይሰማናል። ቢሆንም ጠየቅሁት።

"እዚህ የነበረውን ሰውዬ ምን ወጉት?"

ዘበኛውን አየው፤ እኔን አየኝ።

"ይኼንኑ" አለ።

"ታዲያ ለምን ሞተ?"

"እብጠቱ ትንፋሹን መዝጋት ከጀመረ በኋላ ነው የጠሩኝ። ቀደም ብዬ ልግባ ብል ከለከሉኝ።"

ዘበኛው ሥራህን ሥራ ብሎ ጮኸበት። ድሬሰሩ ጆሮው ቀላ፤ አንገቱን ሣጥኑ ላይ ደፋ። እሱም ይፈራ ነበር። ፈርቶም ነገረኝ። ያኔ መረጥኩት። ዘበኛው ትከሻዬን ሊጫነኝ ሲመጣ ድሬሰሩ "ተወው፣ ራሱ ይንገረኝ" አለና ወደኔ ዞረ። "ልውጋህ?"

"ይውጉኝ" አልኩ።

ዱቄት ያለበት ብልቃጥ አውጥቶ ክዳኑን እዚያው እፊቴ ከፈተው። ዱቄቱን በውሃ ሲበጠብጠው ወተት መሰለ። ወግቶኝ ሲያበቃ፣ እብጠቱ ገና ሊጨምር እንደሚችል፣ ጥቁሩም ቶሎ እንደማይለቅ ነገረኝ። በየቀኑ እየመጣ እንደሚወጋኝም ነገረኝ፤ ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ።

በማግስቱ እጄ እስከ ክርኔ አብጦ ተነሳሁ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ። በመሐል በሩ ተከፈተና ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ገባ። ንጹሕ፣ ፂሙን የተላጨ፣ ፈገግታ የማይለየው። አዛዡ ከኋላው ቆሟል።

"ድሬሰሩ ሥራ በዝቶበት እኔን ልኮኝ ነው" አለ።

ከነጭ ጨርቅ ውስጥ መርፌ አወጣ። ተሞልቶ የመጣ መርፌ ነው። ውስጡ ያለው እንደ ወተት አይደለም፤ ጥርት ያለ ውሃ ነው።

ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። "መድኃኒት ነዋ!" ብሎ ሳቀ። እዚሁ ይበጥብጡልኝ አልኩት። አዛዡ ዱላውን ወለሉ ላይ መታ። እኔ ግን አልኩት፤ "ያኛው ካልመጣ አልወጋም።" ዘበኛው ሊይዘኝ ሲራመድ ሽማግሌው ተነስተው በመሐላችን ቆሙ። እግራቸው ላይ ያለው ብረት ከኔ ይከብዳል።

"አባ ሰንጋ መርፌ አይወድም" አሉ ለአዛዡ። "ዛሬ ወግታችሁት ቢሞት፣ አልወጋም ሲል የሰማሁ እኔ ነኝ። ጠያቂ በመጣ ጊዜ እናገራለሁ።"

ከልባቸው ያመኑትን ነው የተናገሩት። ትናንት ከተወጋሁ ወዲህ ያኮረፉኝም ስለዚሁ ነበር። አዛዡ ብዙ አያቸው። ከዚያ ሰውየውን በዓይኑ ጠቅሶት ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነበር። ሰውየውን ድሬሰሩ እውነት ልኮት ከሆነስ? በገዛ እጄ መዳኛዬን መለስኩ ማለት ነው። እብጠቱ ክርኔን ሲያልፍ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ከበሩ ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሰውየው ይምጣም እላለሁ፣ አይምጣም እላለሁ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ድሬሰሩ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ከጠዋት ጀምሮ የውጭው በር ላይ ጠብቅ ተብሎ መቆየቱን ነገረኝ። የቆርቆሮ ሣጥኑን እየከፈተ ነበር።

"እርስዎ ጠዋት የላኩትን ሰው መልሼው ነው" አልኩት። "አይቆጡኝ።"

እጁ ሣጥኑ ላይ ቀረ።

"እኔ ሰው አልላክሁም" አለ።

ዘበኛው በሩ ላይ ያለውን ብሎን ማየት ጀመረ። ድሬሰሩ ብልቃጡን አውጥቶ እኔን አስያዘኝ፤ ክዳኑን እኔው እንድከፍተው። ባልታመመው እጄና በጥርሴ ከፈትኩት። ከዚያ ዘበኛውን "ፊትህን አዙር" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አዞረ። ቁምጣዬን ራሴ ዝቅ አድርጌ፣ ማንም ሳይዘኝ ተወጋሁ።

ዳንኩ። ጠባሳው አሁንም አንጓዬ ላይ አለ። መንግሥት ሲለወጥ ከሽማግሌው ጋር አንድ ቀን ተፈታን፤ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ያዳነኝ አለመወጋቴ ነው ይሉ ነበር፤ የተወጋሁባቸውን ቀናት ሁሉ ትተው። አልተከራከርኳቸውም። ባንዱ ቀን እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ሰቆጣ ሆስፒታል አላት። ሴት ልጄ ለደም ግፊቴ ስትወስደኝ፣ ነርሷ መርፌ ሞልታ ከመጣች መልሰሽ እፊቴ ሙዪው እላታለሁ። ልጄ ታፍራለች፤ "አባዬ፣ እንዲህ አይባልም፣ የተማሩ ናቸው" ትለኛለች። አንዳንዶቹ ያኮርፋሉ። አንዳንዶቹ ሽማግሌ ነው ብለው ስቀው ይመለሳሉ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማንም አልተናገርኩም።

ያ ሰው ምናልባት ደግ ሰው ነበር። በመርፌው ውስጥ የነበረውም ምናልባት ደህና መድኃኒት ነው፤ አዛዡ እንዳልሞትበት ፈርቶ ከሌላ ቦታ አስመጥቶት ይሆናል። ይኼን ለራሴ ስነግረው ዕድሜዬን ጨረስኩ። ገላዬ ግን እስካሁን አላመነኝም።